ክራቡ ሞልቶ ወፉ ለምን ይራባል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሜይ በመጣ ቁጥር «የዴላዌር ቤይ (በዴላዌርና በኒው ጀርዚ መካከል ያለው የባሕር ወሽመጥ) ዳርቻ በሆርስሹ ክራብ (የፈረስ ጫማ የሚመስል ቅርፊት ባለው የባሕር እንስሳ) ተሸፍኖ ሳለ፣ ወፍ ተራበ ብሎ ሰውን ከአሸዋው ማገድ ምን ይሉታል?» የሚል ቅሬታ አይጠፋም። ዓይን ያየውን ይዞ የተነሣ ቅሬታ ነው፤ ስሌቱ ግን ተሳስቷል።

ሬድ ኖት የምትባለው ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥታ ካናዳ፣ ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ሄዳ ነው የምትፈለፍለው። ቤዩ ጋ ስትደርስ ክብደቷ 120 ወይም 130 ግራም ቢሆን ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ 180 ግራም ካልደረሰች፣ በረዶው ገና ባልቀለጠበት አገር ጎጆ የምትይዝበት አቅም አይኖራትም። ለረጅሙ በረራ ስትል ጨጓራዋ ስለሚያንስ ቅርፊት ያለው ነገር መፍጨት ይከብዳታል። ለስላሳና ስብ የበዛበት የክራብ እንቁላል የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው።

እንቁላሉ ግን የተቀበረ ነው። ሴቷ ክራብ፣ በተለይ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ፣ ከባሕሩ ሙላት ጋር ወጥታ በአንድ ጉድጓድ 4,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የወፏ መንቁር አራት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንቁላሉ ወደ ላይ የሚወጣላት ኋላ የመጣች ክራብ የፊተኛዋን ጉድጓድ ስትቆፍርባት ነው። ስለዚህ ክራቡ በግማሽ ቢቀንስ የወፏ ምግብ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ዳርቻው ላይ ክራብ ይታያል፣ አሸዋው ላይ ግን የሚለቀም ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክራቡ ለዓሣ ወጥመድ ማባበያ እየተባለ በገፍ ተለቀመ። ሴቷ እንቁላል ለመጣል እስክትደርስ አሥር ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባት ጉዳቱ ቶሎ አይጠገንም። በ1980ዎቹ ከ90,000 በላይ የተቆጠሩት ሬድ ኖቶች በ2021 ከ7,000 በታች ወረዱ። ኒው ጀርዚ በ2008 ክራብ ማጥመድን ጨርሶ አግዳለች፤ ትክክል አድርጋለች ባይ ነኝ።

አሸዋውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በኒው ጀርዚ በኩል ጠርጎ ስለወሰደው በካሚዮን እየተጫነ መደፋት ነበረበት። የሚደፋው ሸካራ መሆን አለበት፤ ደቃቅ ከሆነ አየር አያስገባም፣ እንቁላሉም ይበላሻል። ሽፋኑ ከሳሳ ደግሞ ከሥር ያለው ጥቁር የረግረግ አፈር ይወጣና ክራቧ ትሸሸዋለች።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለሜሞሪያል ዴይ (በሜይ የመጨረሻው ሰኞ) ወደ ዴላዌር የምትወርዱ የምትደርሱት ወፏ ልትነሣ ስትጣደፍ ነው። ውሻ አትልቀቁ፤ ልጆችም መንጋውን አያባርሩ። ሁሉም ብር ብለው ሲነሡ ሲጋል የሚባሉት ሌሎቹ የባሕር ወፎች ወዲያው ይመለሳሉ፣ ሬድ ኖቷ ግን ትዘገያለች፤ እስከዚያ ምግቡን ይጨርሱባታል።

በጀርባው የተገለበጠ ክራብ ካያችሁ ቶሎ ገልብጡት፤ መተንፈሻው በፀሐይ ይደርቃል፣ ሲጋልም ይበላዋል። አይናከስም፣ ጭራውም መርዝ የለውም። ብዙ ሰው ግን ጭራውን ይዞ ያነሣዋል። ክራቡ ራሱን የሚያቃናው በዚያው ጭራ ስለሆነ መጋጠሚያው ከተጎዳ በሚቀጥለው ማዕበል ተገልብጦ ይቀራል። የቅርፊቱን ጎንና ጎን በሁለት እጅ ይዛችሁ አዙሩት። ይህ በዴላዌር በኩል ነው፤ በኒው ጀርዚ በኩል ብዙዎቹ ዳርቻዎች ከሜይ 7 እስከ ጁን 7 ዝግ ናቸው፣ ክራቡንም የሚነካው ፈቃድ ያለው በጎ ፈቃደኛ ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከዴላዌር