በደረት ሕመም ለሚመጡ ሕሙማን የኢሲጂ ንባብ ሥርዓት እንዲበጅ፦ ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎትን ለምትመሩ የሥራ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በድንገተኛ ክፍል የማገለግል ሐኪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የድንገተኛ ሕክምና መመሪያ በደረት ሕመም ለሚመጣ ሰው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) እንዲነሣ ከማዘዝ አልፎ፣ የተነሣውን ማን እንደሚያነበው፣ ምን ሲያይ ለማን እንደሚደውልና መቼ እንደሚደግመው በግልጽ እንዲደነግግ ለመጠየቅ ነው። ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ መነበብ እንዳለበት ዓለም አቀፍ የልብ ሕክምና መመሪያዎች ይስማሙበታል። ወረቀቱ በ10 ደቂቃ ተነሥቶ ካርድ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሳይታይ ከተቀመጠ ግን ለታማሚው ምንም አልተደረገለትም።

ልብን የሚመግብ ደም ቅዳ በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ እየሞተ ይሄዳል፤ የሞተው ደግሞ አይተካም። የተዘጋውን ቧንቧ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለመክፈት ሕመምተኛው ከደረሰበት ሰዓት አንሥቶ 90 ደቂቃ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገም 120 ደቂቃ ግብ ሆኖ የተቀመጠው፣ ይህ የማይቻል ከሆነም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሳይዘገይ እንዲሰጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የሚጀመረው ግን አንድ ሰው ወረቀቱን አይቶ አደጋውን ሲያውቅ ነው።

አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ዋናው ምልክት ኤስቲ ኤሌቬሽን ነው፤ ይኸውም ጎረቤት በሆኑ ሁለት ሊዶች (ልብን ከተለያየ አቅጣጫ በሚያሳዩ የኢሲጂ ምስሎች) ላይ ኤስቲ የሚባለው የሞገዱ ክፍል መስመር 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ማለቱ ሲሆን፣ በደረት ፊት በሚነሡት ቪ2ና ቪ3 በተባሉ ሊዶች ላይ መለኪያው ለሴቶች 1.5፣ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ወንዶች 2፣ ከዚያ በታች ላሉት 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን መለኪያ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ሆኖም በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው መለኪያው አልተሟላም ተብሎ ወረቀቱ ወደ ጎን በሚደረግበት ጊዜ ነው። ደም ቅዳው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ኢሲጂው ይህን መልክ ላያሳይ ይችላል።

ቧንቧው በተዘጋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው ኤስቲ ኤሌቬሽን ሳይሆን ከወትሮው የገዘፈ፣ መሠረቱ የሰፋ ቲ ዌቭ (ከኤስቲ ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ) ሊሆን ይችላል። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ኤቪኤል በተባለው ሊድ ላይ የምትታይ ትንሽ የኤስቲ ዝቅታ አንዳንድ ጊዜ ከሌላው ለውጥ ሁሉ ትቀድማለች። የኋለኛው ግድግዳ ጉዳት ደግሞ ከቪ1 እስከ ቪ4 ባሉት ሊዶች ላይ የሚታየው እንደ ኤስቲ ዝቅታ ሆኖ ነው፤ ከፊት ሆነን ስለምናየው ተገልብጦ ይታየናልና። ይህን ወረቀት የሚያነብ ባለሙያ በደረት ላይ የሚለጠፉትን ኤሌክትሮዶች ወደ ጀርባ አዙሮ ቪ7፣ ቪ8ና ቪ9 የተባሉትን ሊዶች ካነሣ፣ የ0.5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ብቻ ምርመራውን ይለውጠዋል። ይህ ተጨማሪ ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃና ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕመሙ ታማሚውን ከተወው በኋላ የሚነሣው ኢሲጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዌለንስና ባልደረቦቹ በገለጹት ምልክት፣ የደረት ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ በቪ2ና በቪ3 ላይ ቲ ዌቭ በጥልቀት ተገልብጦ፣ ወይም ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ሆኖ ይታያል፤ ይህም የፊተኛው ትልቅ ደም ቅዳ ለመዘጋት መቃረቡን ያመለክታል። ሰውየው ተሽሎኛል ይላል፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ቤት መላክም ሆነ በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጦ መፈተን አደገኛ ስለሆነ፣ መመሪያው ይህን ምልክት በስሙ ጠርቶ ሊያስጠነቅቅ ይገባል።

ማሽኑ በወረቀቱ አናት ላይ የሚያትመው ንባብም ጥንቃቄ ያሻዋል። ማሽኑ ኖርማል ብሎ ያለፈው ወረቀት አደጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ የሐኪም ዓይን ሳያየው ምንም ኢሲጂ መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና መሆኑም ሃርት አታክ የለም ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ከቀጠለ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው መደገም፣ የቀድሞ ኢሲጂ ካለም ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕሙማን ደረታቸውን ሳያማቸው በትንፋሽ ማጠር፣ በላብ፣ በድካም ወይም በላይኛው ሆድ ሕመም ሊመጡ ስለሚችሉ የ10 ደቂቃው ደንብ እነርሱንም ይጨምር።

እንዲህ ካደረግን የሐሰት ማንቂያ ይበዛል የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ። የልብ ሽፋን መቆጣት፣ የግራ ልብ ግድግዳ መወፈር፣ በጤናማ ወጣቶች ላይም ተፈጥሯዊ የሆነ የኤስቲ ከፍታ ሃርት አታክ ሊመስሉ ስለሚችሉ ሥጋቱ መሠረት አለው። መፍትሔው ግን ደፍሮ የሚጠይቅን ባለሙያ ዝም ማሰኘት አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሣ የልብ ሐኪም በተራ መመደብና የታማሚው ስም ተሸፍኖ የወረቀቱ ፎቶ የሚላክበትን መንገድ መፍቀድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለው ነው። ኢሲጂውን ያነሣችው ነርስ ወረፋ ሳትጠብቅ ወረቀቱን ለሐኪም በእጁ የመስጠት ሥልጣን ይኑራት፤ ሐኪሙም ያነበበበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርምበት። ለነርሶችና ለሐኪሞች የሚሰጠው ሥልጠና ከላይ በጠቀስኳቸው ምልክቶች ላይ፣ በእውነተኛ ወረቀቶች፣ በየጊዜው ይደገም። በመጨረሻም የልብ ደም ቅዳው ተዘግቶ የተገኘ ሕመምተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ኢሲጂው ከካቴተር ውጤቱ ጋር ተያይዞ ወደ ተነሣበት ድንገተኛ ክፍል ይመለስ፤ ያነበበው ባለሙያ ያየውንና ያለፈውን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ዛሬ የለውምና።

ከአክብሮት ጋር
የድንገተኛ ክፍል ሐኪም