ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥራና ክህሎት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ከለገሀር ተነስታችሁ በስታዲየም በኩል ወደ ካዛንቺስ ብትወጡ ግንባታ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይቸግራል። ትልልቆቹ ሳይቶች ውስጥ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ታያላችሁ። «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» ይልና ቁጥር ይከተላል። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ባለቤቱም፣ ኮንትራክተሩም፣ አማካሪውም ደስ ይላቸዋል። እኔ የሴፍቲ ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ ከዚያ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው የሚቆጥረው ማንም አፉን ያልከፈተባቸውን ቀናት ነው።

እንዴት መሰላችሁ? አንድ ቀን ሠራተኛ ከርብራብ ላይ ይወድቃል። ካቦው ታክሲ ጠርቶ ክሊኒክ ያደርሰዋል፤ ትንሽ ብርም ኪሱ ውስጥ ይከትለታል። በማግስቱ ሌላ ልጅ በቦታው ይቆማል። የወደቀው መጀመሪያም በቋሚ ሠራተኞች ዝርዝር ላይ አልነበረምና የጎደለ ሰው የለም። ሰሌዳው ላይ አንድ ቀን ይጨመራል። እኔ በሠራሁበት አንድ ሳይት ደግሞ አደጋ ያልተመዘገበበት ወር ሲያልፍ ለቡድኑ ቦነስ ይከፈል ነበር። እግሩን ምስማር የወጋው ፌራዮ (ብረት አሳሪ) «አደራ፣ እንዳትመዘግበኝ፤ የሰው ቦነስ አላስቀርም» ብሎኛል። ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰ አደጋንና የሥራ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲያሳውቅ ያዛል። ዝም ያለ ሳይት ጥሩ ሳይት ተብሎ የሚሸለም ከሆነ ግን ማን ይመዘግባል?

የተመዘገበውም ቢሆን በደንብ ካልተሰላ ያሳስታል። አንድ ሳይት በዓመት 3፣ ሌላው 2 ጉዳት አስመዘገቡ እንበል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። አንደኛው ግን 100 ሰው፣ ሁለተኛው 25 ሰው ነው ያሠራው። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ብናስብ የአንደኛው 240,000፣ የሁለተኛው 60,000 የሥራ ሰዓት ይሆናል። የጉዳቱን ቁጥር በ1,000,000 አባዝተን ለሥራ ሰዓቱ ስናካፍል፣ በሚሊዮን የሥራ ሰዓት አንደኛው 12.5፣ ሁለተኛው 33 አካባቢ ጉዳት ይመጣል፤ የባሰው ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ስሌቱ በዓለም የታወቀ ነው፤ የሞባይል ካልኩሌተር ይበቃዋል። የሚከብደው የቀን ሠራተኛውን ሰዓት አምኖ መቁጠር ነው።

ስሌቱ ተስተካክሎም አያልቅም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ (ከኛው ሜክሲኮ አደባባይ ጋር እንዳይምታታ) ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ዕለት የኩባንያዎቹ አለቆች እዚያው ነበሩ። ከመጡበት ጉዳይ አንዱ፣ ሠራተኛን ከሥራ ያስቀረ ጉዳት ሳይደርስ 7 ዓመት በመቆጠሩ ሠራተኞቹን ለማመስገን ነበር። ያ ቁጥር ስላልወደቀና እጁ ስላልተቆረጠ ሰው ይናገራል። ጉድጓዱ ሊፈነዳ ስለመቃረቡ ግን ምንም አይልም።

ስለዚህ ከአደጋው በፊት ያለውን እንድታስለኩን እጠይቃለሁ። ርብራቡ በየሳምንቱ ይፈተሻል? ሌሊት ዝናብ ካደረ በኋላ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ የጥልቁን ቁፋሮ ግድግዳ ያየ አለ? ከሁሉም በላይ ሰው ለጥቂት የተረፈባቸውን አደጋዎች አስቆጥሩን። ብሎኬት ከ5ኛ ፎቅ ወድቆ ማንንም ካልመታ «እግዜር አወጣን» ተብሎ ሥራው ይቀጥላል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ብሎኬቱ ግን ለምን ወደቀ? እንዲህ ያለ ወሬ በብዛት የሚነገርበት ሳይት ሰው የማይፈራበት ሳይት ነው፤ ቁጥሩ በዛ ብላችሁ አትቅጡት። ከተነገሩት ውስጥ ስንቱ በስንት ቀን ተስተካከለ ብላችሁ ጠይቁት።

ጤናውን ደግሞ ጭራሽ ረስተነዋል። ፒያሳና አራት ኪሎ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ ድንጋይ የሚቆርጡትን ልጆች አይታችኋል? ያ አቧራ ሳንባን የሚያጠቃው ቀስ ብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ሳይቱ ፈርሷል፣ ሰሌዳውም ተነስቷል። ድንጋዩ በውኃ እየራሰ ይቆረጣል ወይ የሚለውን ግን ዛሬውኑ ቆጥሮ መመዝገብ ይቻላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲመጡ ቢሮ ገብተው ፋይል ያያሉ። ፋይሉን እኛ ነን የምናሳምረው፣ ሥራችን ነው። ከፋይሉ ጋር የካቦውን የቀን ሠራተኛ ክፍያ ደብተር ያስመጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ በሳምንቱ አጋማሽ ድንገት የጠፋ ስም ካለ «ይሄ ልጅ የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አግኝተው ነው የሚሄዱት። ሁሉም ግን አይደሉም። ይህን ጥያቄ በቁጥጥር ቅጻችሁ ውስጥ አንድ መስመር አድርጋችሁ ብታስገቡልኝ፣ የምጠይቀው ይኸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሴፍቲ ባለሙያ
አዲስ አበባ