አባዬ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ መጫወቻ አትላክ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የጉልበትህስ ነገር እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ አያቴን በስልክ ካላናገርን እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ ብለውኛል።

ባለፈው ስትደውል «ለገና ምን ልላክላቸው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ ሳልመልስልህ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ ተቻኩሎ አይነገርም። ወደ ድሬ የሚወርድ ሰው ሳገኝ ጊዜ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርገህ፣ ጥላው ሥር ተቀምጠህ አንብበው።

አባዬ፣ ዘንድሮ መጫወቻ አትላክላቸው።

እንዳትቀየመኝ። ምን ያህል እንደምትለፋ አውቃለሁ። በዚያ ፀሐይ ድሬ ታይዋን ገበያ ድረስ ሄደህ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞረህ፣ ዋጋ ተከራክረህ፣ በካርቶን አሳሽገህ ነው የምትልከው። ያውም ከጡረታህ ቀንሰህ። ልጆቹ ካርቶኑን ሲከፍቱ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ሳምንት ሳይሞላው ግን መጫወቻው ሶፋ ሥር ገብቷል። ኮንዶሚኒየማችንን ታውቀዋለህ፤ እንኳን ለዕቃ ለሰውም አይበቃም። አልጋው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ በረንዳው ላይ፣ የትም ብታይ ጎማው የወለቀ መኪና ነው። ወንድሜ ከዱባይ የሚልከውም ያው ስለሆነ ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ያ ባለባትሪው ባቡር ደግሞ አስደንግጦኛል። የባትሪው ክዳን ያለ ካቻቪቴ በጣት ብቻ ይከፈታል። ውስጡ ያለችው ያቺ ትንሿ ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ የጉሮሮውን ሥጋ ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። ትንሿ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው የምትሰድደው። ተመስገን፣ ምንም አልደረሰባትም፤ ባቡሩን ግን ከእጇ አርቄዋለሁ። እዚያ ሰፈር ለልጅ ልጁ መጫወቻ የሚገዛ ሰው ካለ ክዳኑ በብሎን የታሰረውን እንዲመርጥ ንገርልኝ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በቀደም ትልቁን «አያትህ ምን ነበር የሚሠራው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጡረታ» አለኝ። ሆዴን ባር ባር አለው። በእጁ የፕላስቲክ ባቡር ይዟል፤ አያቱ ዕድሜውን ሙሉ እውነተኛ ባቡር ሲጠግን እንደኖረ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው የድሮውን ባቡር፣ ሸመንደፈርን፣ እንድትነግራቸው ነው። ለእኔ ማታ ማታ እንደምትነግረኝ። መብራት አጥፍተህ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ጣቢያዎቹን ከለገሀር ጀምረህ በዜማ ትጠራቸው ነበር፦ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ። ብዙውን ጊዜ አዋሽ ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የሀገሬን ካርታ መጀመሪያ የተማርኩት እዚያ አልጋ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪው ግድግዳ ላይ የሰቀለው ካርታ አዲስ አልሆነብኝም።

ይህን በድምፅህ ቅዳና ላክላቸው። ቴሌግራም ላይ ማይክራፎኗን ተጭነህ ትይዛለህ፣ ትናገራለህ፣ ስትጨርስ ትለቃለህ። የጎረቤት ልጅ ያሳይህ። አንድ ቀን ጣቢያዎቹን፣ ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ታሪክ። ረጅም መሆን የለበትም፤ እስኪተኙ ከበቃ ይበቃል። ስታስልም፣ ሻይ ስትጠጣም ይሰማ፣ አትሰርዘው።

ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. እንደሆነና ከተማዋም በእሱ ምክንያት እንደተቆረቆረች፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. እንደቆየ፣ ከጅቡቲ እስከ ለገሀር 784 ኪሎ ሜትር እንደነበረ፣ ይህን ሲያድጉ ከመጽሐፍ ያገኙታል። መተሐራ ያለው በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱን ሲያስቸግር እናንተ እንዴት እንደምታድሩ ግን ከአንተ በቀር የሚነግራቸው የለም። አለቃህ በፈረንሳይኛ ሲቆጣህ አንተ በምን ቋንቋ እንደምትመልስለትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ነገር ፒንሳህ ነው። ያቺ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለችው። የሽቦ መኪና የሠራህልኝን ቀን መቼም አልረሳውም። ሽቦውን በፒንሳዋ ጫፍ ነክሰህ ትይዛለህ፣ ቀስ ብለህ ታጥፈዋለህ፣ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ በአውራ ጣትህ ትጫነዋለህ። ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በምላጭ ቆረጥከው። ምስማር ከሰል ላይ አግለህ መሀሉን ስትበሳው ላስቲኩ ጢሱን ለቀቀና እማዬ ከጓዳ ሆና ጮኸችብን። መሪው ረጅም ስለነበር ሳልጎነበስ፣ ቆሜ እየነዳሁት ግቢውን እዞር ነበር። ሲጣመም ይዤልህ ስመጣ ደግሞ ፒንሳዋን ትሰጠኝና «በይ ራስሽ አቅኚው» ትለኛለህ። አቀናው ነበር።

ትልቁ አሁን ያኔ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽበት «እማዬ፣ ሌላ ግዢልኝ» ይላል። የሚጠግን ሰው አጠገቡ አይቶ ስለማያውቅ አልፈርድበትም። አባቱ ከቢሮ ሲመጣ መሽቷል፣ እኔም እንደዚያው። አንተ ግን ጊዜው አለህ፣ እጁም አለህ። ሽቦ ገዝተህ አብራችሁ ሥሩ። ከዚያ ፒንሳዋን ለእሱ ስጠው። አዲስ እንዳትገዛለት፤ ያቺን ራሷን ነው የምልህ።

ለትንሿ ደግሞ ግቢው ውስጥ አንዲት የዘይቱን ችግኝ ትከልላት። በስሟ ትጠራ። እየቆየህ ፎቶ ብትልክላት ስታድግ ታያታለች፤ ፍሬ የሰጠች ቀንም መጥታ ራሷ ትለቅማለች። ወይም አንዲት ዶሮ በስሟ ያዝላት። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ ሆና ዶሮ ተሰጥቷት በእንቁላሏ ደብተር ትገዛ እንደነበር አጫውታኝ ነበር። የእኛ ልጆች እንቁላል ከሱቅ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

ባንክ ደብተር ልክፈትላቸው ያልከውን አልረሳሁትም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን እሱን ለእኔና ለአባታቸው ተወው። ጡረታህን ለመድኃኒትህና ለራስህ አድርገው።

ለመጫወቻ ያሰብከውን ብር ደግሞ ለባቡር ትኬት አውለው። ገናን እኛ ጋ አሳልፍ፣ ጥምቀትንም ጃንሜዳ አብረን እናክብር። የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ሁላችንም አብረንህ እንወርዳለን። ጊዜውም የድሬ ሙቀት በረድ የሚልበት ስለሆነ ለልጆቹ አይከብዳቸውም። የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይተህ «ይሄ ምን ባቡር ነው፣ ድምፅ የለውም» ብለህ ነበር። ግድየለም፣ ልመድልን። ከለቡ ስንነሳ መስኮቱ ጋ አንተ ተቀመጥ፤ ልጆቹ በግራ በቀኝህ ይሁኑ። ብርዱ አልቆ ሹራብ የሚወልቅበትን፣ ፈንታሌ ተራራ ብቅ የሚልበትን፣ ግመሎቹ የሚጀምሩበትን ቀድመህ ንገራቸው። አንተ «አሁን ይመጣል» ብለህ ሲመጣ የሚሰማቸውን ደስታ የትኛውም ካርቶን አይሰጣቸውም።

ድሬ ስንገባ አንድ ጠዋት ለድሮው ጣቢያና ለጋራዡ ትተወዋለህ። ጥበቃዎቹ ያውቁሃል፣ አስቀድመህ አነጋግራቸው። ለትልቁ ሜትር አስይዘውና የሐዲዱን ስፋት ይለካ። የድሮው ልክ 1 ሜትር ነው ብለኸኝ ነበር፤ የአዲሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ተኩል። ለምን እንደተለያዩ፣ የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን መሄድ እንደማይችል ይጠይቅህ፤ እሱ መጠየቅ ከጀመረ አያቆምም። የሠራህበትን ቦታ አሳያቸው፣ የት ቆመህ፣ ምን ይዘህ። እኔም ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ባዶ እጄን የልጅ ልጆቼ ቤት አልገባም እንደምትለኝ ይገባኛል። እንግዲያው ከቀፊራ ገበያ ሎሚና ትንሽ ሐላዋ ያዝ። ፒንሳዋን አትርሳ። ሌላ ምንም ነገር አትጨምር፣ ሻንጣው ይከብድሃል።

የግፊት መድኃኒትህን ለሙሉ ቆይታህ የሚበቃህን ይዘህ ና። ቤቱን ማን እንደሚጠብቅልህ ወስነህ፣ የምትነሳበትን ቀን እንደቆረጥክ ደውልልኝ፤ ትኬቱን እኔ ከዚህ አስቆርጥልሃለሁ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የምትወድህ ልጅህ
ከአዲስ አበባ