ክሬፕ ማይርትሉን አትጎማምዱት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላም እንዴት ናችሁ? ስለ ጓሮ አትክልት የምታወጡት ደስ ይላል ግን ሁሌ ጎመንና ቃሪያ ነው፣ እኛ ዳላስ ዙሪያ ጋርላንድና ሪቻርድሰን ያለን ሰዎች ደጃችን ላይ የቆመውን ክሬፕ ማይርትል የሚባለውን የአበባ ዛፍ አያያዝ ማን ያስተምረን?

ፌብሩዋሪ ሲመጣ ሰዉ መጋዝ ይዞ ይወጣና ግንዱን ጉቶ አድርጎት ይገባል፣ ጎረቤት ስላደረገ እኮ ነው ሌላ ምክንያት የለውም። አበባው የሚወጣው በዛው አመት በሚያድገው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ቢቆረጥም ያብባል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ከጉቶው የሚወጣው ቀጭን ቅርንጫፍ አበባውን መሸከም ያቅተውና ዝናብ ሲመታው መሬት ይነካል፣ ክረምት ላይ ቅጠሉ ረግፎ የሚታየው ያ ቅርፊቱ የተላጠ ለስላሳ ግንድም ይበላሻል። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ብቻ ማንሳት ይበቃል።

ነገሩ የሚበላሸው ሲገዛ ነው። ከ6 ሜትር በላይ የሚሄደውን ናቼዝ የሚባለውን ዝርያ መስኮት ስር ይተክሉና ረዘመብን ይላሉ! ለጠባብ ግቢ አኮማ የሚባል ዝርያ አለ፣ ነጭ አበባ፣ 3 ሜትር አካባቢ፣ ያወጣውም የዋሽንግተኑ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ምርምር ማዕከል) ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ስጡት፣ ማዳበሪያ ካበዛችሁ ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት።

ግንዱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ጨፍልቁት፣ ሮዝ ፈሳሽ ከወጣው ተባይ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እዚሁ ሪቻርድሰን በ2004 ነው፣ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት።

እባካችሁ ይህችን ከፌብሩዋሪ በፊት አውጡልን።

አንባቢያችሁ ከጋርላንድ