ስራችሁ የት እንደሚሰራ ልንነግራችሁ ወደድን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ የአኒሜሽን ስራዎቻችሁን በከፊል ከራሳችን ማሽኖች ውጭ፣ በኢንተርኔት በምንከራያቸው የሌሎች ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ እያሰራን ነው። «ፋይላችን ማን እጅ ገባ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ መብታችሁም ነው። ሳትጠይቁን ብንነግራችሁ ይሻላል ብለን ነው የጻፍነው።

ሃሳቡ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሴቲ አት ሆም የተባለ ፕሮጀክት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተጀመረ። ሰዎች ስራ ፈቶ የተቀመጠ ኮምፒውተራቸውን ከህዋ የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት እንዲመረምር በነጻ አዋሱት። እንደ ጎለምና አካሽ ያሉት የዛሬ ኔትወርኮች ደግሞ የሰዎችን ኮምፒውተር በክፍያ ማከራየት ጀመሩ። አካሽ ላይ ምን ያህል ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ እንደምንፈልግ እናስታውቃለን። ማሽን ያላቸው ዋጋቸውን ያቀርባሉ፣ እኛ እንመርጣለን። ጨረታ በሉት። ውሉ የሚመዘገበው ብሎክቼይን ላይ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የመዝገብ ደብተር ላይ ነው።

ለሬንደር፣ ማለትም አኒሜሽኑን ወደ መጨረሻው ምስል ለመቀየር፣ ይህ በጣም ይመቻል። እያንዳንዱ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) ለብቻው ስለሚሰራ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። በቅርቡ ሌሊት ላይ አንድ ማሽን በስራ መሃል ድርግም ብሎ ጠፋብን። የቀሩትን ፍሬሞች ለሌላ ሰጠን፤ ጠዋት ስራው አልቆ ነበር።

የማናውቀው ሰው ማሽን የሰራውን እንዴት እናምናለን? ሴቲ አት ሆም አንዱን ስራ ከአንድ በላይ ለሆኑ ኮምፒውተሮች እየላከ መልሳቸውን ያስተያይ ነበር። እኛም ከየማሽኑ ጥቂት ፍሬሞች እየመዘዝን በራሳችን ማሽን ደግመን እንሰራለን። ካልገጠመ የዚያን ማሽን ስራ በሙሉ እንጥላለን።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምስጢር ነው። ፋይል በጉዞ ላይ እያለ መቆለፍ ይቻላል። ማሽኑ ሊሰራበት ግን መከፈት አለበት። ያኔ የማሽኑ ባለቤት ልይ ካለ ሊያይ ይችላል። ይህን የሚከላከሉ ፕሮሰሰሮች አሉ፤ ሁሉም አከራይ ግን የለውም። ስለዚህ የደንበኛ ዝርዝር፣ የሂሳብ ሰነድና ገና ያልወጣ ማስታወቂያ ከእኛ ቤት አይወጡም። ትልልቅ የኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ሞዴል ማሰልጠንም እንደዚያው፤ እዚያ ምክንያቱ ሌላ ነው። ማሽኖቹ ያለማቋረጥ ዳታ ስለሚለዋወጡ ተራርቀው ከተቀመጡ ኢንተርኔቱ ይጎትታቸዋል።

ስራዬ ፈጽሞ እንዳይወጣ የምትሉ፣ ትዕዛዝ ስትልኩ «እናንተው ጋ ይሰራ» ብላችሁ ጻፉልን። ወረፋው ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ዋጋው ግን ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሬንደር ክፍል ባልደረቦች