ባግ ከመላካችሁ በፊት

ሰላም ቤተሰብ፣

«ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ልኬ ማንም ዞር ብሎ አላየውም» የሚል ስሞታ በዝቷል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በዊንዶውስ ቪስታ አጥንተው ነበር። ቀድሞ የላካቸው ባጎች የተጠገኑለት ሰው አሁንም የመደመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ላኪውና ጠጋኙ አንድ ቡድን ወይም አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑም እንዲሁ። (ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብዳል መሰለኝ።) የትኛው ባግ እንደሚጠገን ለመገመት ከቪስታ መረጃ የሠሩት ስሌት (ሞዴል) በዊንዶውስ 7 ሲሞከር፣ «ይጠገናሉ» ካላቸው ውስጥ 68 በመቶው ተጠግነዋል።

እኛ የተበታተንን ነን፤ ያለን በላክናቸው ባጎች ያተረፍነው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ «አፑ አይሰራም» ብላችሁ አትላኩ። «አንድሮይድ 13፣ ፎቶ መርጬ ‹ላክ› ስል ይዘጋል» በሉ። ስክሪንሾት አያይዙ። ጠጋኙ ሲጠይቃችሁም አትጥፉ።