ወርቁ እውነተኛ፣ ዲናሩ ሐሰተኛ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ጥንታዊ የወርቅ ዲናር ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ወርቅ ቤት ነው። ወርቅ ሠሪው መፈተሻ ድንጋዩ ላይ አሽቶ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ «ንጹሕ ነው» ካላቸው ይገዛሉ። ይህ ፈተና የሚነግራቸው ግን ስለ ወርቁ ብቻ ነው። አስመስሎ የሚሠራ ሰው የሚያተርፈው ከሳንቲሙ ዕድሜ እንጂ ከወርቁ ስላልሆነ፣ ሐሰተኛውም ከእውነተኛ ወርቅ ሊሠራ ይችላል። መታሸቱ ደግሞ የሳንቲሙን ጠርዝ ይጎዳል።

የኡመያውን፣ ማለትም የጥንቱን የሙስሊም ሥርወ መንግሥት ዲናር እንውሰድ። ኸሊፋ አብዱልመሊክ ቢን መርዋን በ77 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 696/697) ምስል ትቶ በጽሑፍ ብቻ ያስመታው ነው። ክብደቱ 4.25 ግራም፣ ስፋቱ 19 ወይም 20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ቢያንስ ተበልቶ ወይም ጠርዙ ተቆርጦ ይሆናል። 4.40 ከመዘነ ግን ይጠርጠር፤ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ቀጥሎ ዲናሩን ውሃ ውስጥ መመዘን ነው። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ንባቡን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ዲናሩን በቀጭን ክር አስሮ ግድግዳውንም ታቹንም ሳይነካ ማጥለቅ። ንባቡ ዲናሩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው፤ ጥሩ የኡመያ ወርቅ 0.226 ግራም አካባቢ ያሳያል። በ21 ካራት የተሠራ ሐሰተኛ ዲናር ወደ 0.247 ይጠጋል። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ እስከ 0.01 ብቻ የሚያነብ ሚዛን አይበቃም፤ 0.001 የሚያነብ ያስፈልጋል። ፊደሎቹ መካከል የተደበቀች የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ አድርጋ እውነተኛውን ሐሰተኛ ታስመስላለች፤ ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማንበብ ነው። ጽሑፉ ነጥብ የሌለው ኩፊ፣ ማለትም ጥንታዊ የዐረብኛ አጻጻፍ ነው። በአንዱ ፊት ዳር «ቢስሚላህ ዱሪበ ሃዘ ድዲናር ፊ ሰነተ...» (በአላህ ስም፣ ይህ ዲናር በ... ዓመት ተመታ) ካለ በኋላ ዓመቱ በቃል ይጻፋል፤ አሃዱ ይቀድማል፣ አሥር ቤቱ ይከተላል፣ ከዚያ መቶው። ኡመያዎች እስከ 132 ዓመተ ሒጅራ ድረስ በዚያው ፊት መካከል «አላሁ አሐድ» ብሎ የሚጀምረውን ቃል ያስጽፉ ነበር፤ ከእነርሱ ቀጥለው የገዙት አባሲዶች ግን «ሙሐመድ ረሱል አላህ» በሚለው ተኩት። ስለዚህ መካከሉ የኡመያ ሆኖ ዳሩ 150 የሚል ዲናር የአስመሳይ ስህተት ነው።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ሲታይ የተመታ ሳንቲም ፊደል ጥርት ብሎ ይቆማል፤ ቀልጦ የፈሰሰው ግን የፊደሉ እግር ይደፈናል፣ ፊደል የሌለበት ሜዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይታያሉ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተለየ ጠባሳ ካለ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ነው፤ እውነተኛ ቢሆንም ዋጋው ይወርዳል።

ወርቅ ሠሪዎችን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ አሮጌ ዲናር አታቅልጡ፣ አታወልውሉ፣ ቀለበት አትበይዱበት። ለብ ያለ የተጣራ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፤ ሳይታሽ ጨርቅ ላይ ይድረቅ።

አገር ውስጥ የሚገኘው ጉዳይ ሌላ ነው። በደብረ ዳሞ የኡመያና የአባሲድ ሳንቲሞች መገኘታቸው እንዲህ ያለው ነገር ከአፈራችን እንደሚወጣ ያሳያል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ያገኘ ሰው አፈሩን ሳያጥብ፣ የተገኘበትን ቦታና አብሮት የነበረውን ሁሉ ጽፎ ያስረክብ።